ስፌት የሚያውቅ ብዙ፣ ልብስ የሚሰፋ ጥቂት
በሐዋሳ መኪና የለመደው እጅ ከፋብሪካ ወደ በረንዳ ሲሻገር ምን ይጎድለዋል?

በሐዋሳ ከተማ ስለ ልብስ ስፌት የሚነሳው ወሬ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ አጥር ውስጥ ሲገባ ቆይቷል። ስንት ሼድ ተከራየ፣ ስንት ሠራተኛ ገባ፣ ስንቱ ወጣ፣ ስንት ዶላር ተገኘ የሚለው ነበር የመነጋገሪያው ርዕስ። ከአጥሩ ውጭ ያለው የስፌት ገበያ፣ ይኸውም በየበረንዳው መኪና ዘርግቶ ሱሪ የሚያሳጥረው፣ ዩኒፎርም የሚሰፋው፣ ለበዓል ቀሚስ የሚያደርሰው ሙያተኛ ግን ከቁጥር ሳይገባ ኖሯል። ዛሬ ሁለቱን ዓለማት የሚያገናኝ አንድ ጥያቄ አለ። በፓርኩ ውስጥ ሠርቶ መኪና የለመደው እጅ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል ጣቃ ጨርቅ ተሰጥቶት ሙሉ ልብስ አድርጎ የሚመልሰው ስንቱ ነው?

ጥያቄው የሥራ ፈላጊው ብቻ አይደለም። ጨርቅ የሚያከፋፍለው ነጋዴ፣ የስፌት መኪና የሚያስመጣው፣ ማሠልጠኛ ለመክፈት የሚያስበው፣ ባዶ ሱቅ ይዞ ተከራይ የሚጠብቀው ሁሉ መልሱን ቢያውቅ ይጠቀማል። ምክንያቱም ሙሉ ልብስ መስፋት የሚችል ሰው የጨርቅ፣ የክር፣ የዚፕ፣ የቁልፍና የመኪና ደንበኛ ነው። አንድ ስፌት ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን ደመወዝ ከሚከፍለው ፋብሪካ ውጭ ገበያ የለውም።

ፓርኩ ምን አስተማረ?

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር። የቻይናው የሲቪል ኢንጂነሪንግ ኮንስትራክሽን ኮርፖሬሽን በዘጠኝ ወራት ገደማ የገነባው ሲሆን፣ ወጪውም ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነበር። በሁለት ፈረቃ 60 ሺህ ያህል ሠራተኛ እንዲይዝ ታቅዶ ተነሳ። ካልቪን ክላይንንና ቶሚ ሒልፊገርን በባለቤትነት የያዘው የአሜሪካው ፒቪኤች፣ የህንዶቹ አርቪንድና ሬይመንድ፣ የስሪላንካው ሂርዳራማኒ፣ የቻይናው ጄፒ ቴክስታይል ቀደም ብለው ሼድ ከያዙት መካከል ይገኙበታል። ሠራተኞቹ በአብዛኛው በሲዳማና በአጎራባች አካባቢዎች ከሚገኙ የገጠር ቀበሌዎችና ትንንሽ ከተሞች የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የስፌት መኪና ነክተው አያውቁም።

ፓርኩን ለውጭ ኩባንያዎች ሳቢ ካደረጉት ነገሮች ዋነኛው በአሜሪካ ሕግ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው አጎዋ ነበር። በዚህ ሕግ ተጠቃሚ የሆነች አገር ልብሷን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ታስገባ ነበር። ተጠቃሚ ያልሆነችው ግን እንደ ጨርቁ ዓይነት እስከ 32 ከመቶ የሚደርስ መደበኛ ቀረጥ ይጠብቃት ነበር። በስስ ትርፍ በሚሠራው የልብስ ንግድ ውስጥ ይህ ልዩነት ትርፉን በሙሉ ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከተጠቃሚዎቹ ዝርዝር ወጣች። ፒቪኤች ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር። ትዕዛዝ የቀነሰባቸው ሌሎች ኩባንያዎችም የሰው ኃይላቸውን መመጠን ግድ ሆነባቸው።

ሆኖም ከአጎዋ በፊትም ቢሆን ፓርኩ ሠራተኛ ማቆየት ከብዶት እንደነበረ መዘንጋት የለበትም። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ጥናት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር እንደነበረ ገልጿል። በዚያው ጥናት ላይ የባንግላዴሽ 95 ዶላር፣ የኬንያ 207 ዶላር ሆኖ ተቀምጧል። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኛቸውን በሙሉ ይተኩ እንደነበረም ጥናቱ አመልክቷል።

ከዚህ የመጨረሻው ነጥብ ላይ ነጋዴ የሆነ ሰው ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባል። ወንበሩ አንድ ሆኖ በየዓመቱ የሚቀመጥበት ሰው ከተለወጠ፣ በመኪናው ፊት ያለፈው ሰው ከወንበሩ ቁጥር ብዙ ይበልጣል። ፓርኩ በደህናው ጊዜ ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ ሠራተኛ ነበረው። ገብቶ የወጣው ሲደመር የስፌት መኪና ድምፅ የማያስደነግጠው፣ ፔዳል የሚረግጥበትን መጠን የሚያውቅ ወጣት በሐዋሳና በዙሪያዋ በርካታ ነው። ይህ በየትኛውም የኢንቨስትመንት ሪፖርት ላይ ያልተመዘገበ የከተማዋ ሀብት ነው። ሀብቱ ግን ግማሹ ብቻ ነው የተሠራው።

አንድ ስፌትና አንድ ልብስ

የፋብሪካ ስፌት በሥራ ክፍፍል ይመራል። አንድ የወንድ ሸሚዝ ከ30 በላይ ትንንሽ ሥራዎች ተከፋፍሎ በመስመር ይዘረጋል። አንዷ ኪስ ብቻ ትለጥፋለች፣ ሌላዋ ኮሌታ ትገጥማለች፣ ሌላዋ የእጅጌ ጫፍ ትዘመዝማለች። ለእያንዳንዱ ሥራ የተመደበ ደቂቃ አለው። ሠራተኛዋ በቀን ብዙ መቶ ጊዜ ያንኑ ስፌት ስለምትደጋግም እጇ ይፈጥናል፣ ስፌቷ ይስተካከላል። ለፋብሪካው ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው። የሠራተኛዋን ሥልጠና በሳምንታት ውስጥ ለመጨረስ ያስችለዋል፤ አንዷ ብትለቅ ሌላዋን ለመተካት አይቸገርም።

ለሠራተኛዋ ግን ውጤቱ ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ኮሌታ የገጠመች ወጣት ከፓርኩ ስትወጣ የያዘችው ሙያ የሸሚዙን ትንሽ ቁራጭ ያህል ነው። ደረት መለካት፣ ጨርቅ ማንጠፍ፣ ቅዱን በጠመኔ ማስመር፣ መቀስ ማሳረፍ በፋብሪካ ውስጥ በሌላ ክፍል በሌሎች ሰዎች የሚሠራ ሥራ ነው። ጨርቁ ወደ መስመሩ የሚደርሰው ተቆርጦ፣ ተቆጥሮና ታስሮ ነው። የበረንዳው ልብስ ሰፊ ገንዘብ የሚያገኘው ደግሞ በዋናነት እዚያ ላይ ነው። ደንበኛ ልብስ ሰፊውን የሚመርጠው ስፌቱ ቀጥ ስላለ ብቻ ሳይሆን ልኩን ስለሚያውቅለት ነው። ትከሻው ያጋደለውን፣ ሆዱ የገፋውን፣ አንገቱ ያጠረውን ሰው በልኩ ማልበስ ከመኪናው በፊት በመቀሱ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ከፋብሪካ የወጣችው ወጣትና ጨርሶ መኪና ነክቶ የማያውቀው ጀማሪ በአንድ ነገር ይለያያሉ፣ በሌላው ግን እኩል ናቸው። እጇ ፈጥኗል፤ እሱ ገና ነው። ቅድ ላይ ሲደርሱ ግን ሁለቱም ጀማሪዎች ናቸው። ልዩነቱ እሷ የመጀመሪያውን ደረጃ በነጻ ማለፏ ነው። ይህንን በትክክል የተረዳ አሠልጣኝ ከፋብሪካ የመጣችውን ቀጥታ መስመር በማሰፋት ጊዜዋን አያባክንም። ከመኪናው አስነስቶ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት ያቆማታል።

ጀማሪው ከየት ይነሳ?

መኪና ነክቶ የማያውቅ ሰው ትምህርቱን የሚጀምረው ያለ ጨርቅና ያለ ክር ነው። መስመር ያለው የደብተር ወረቀት በመርፌው ሥር አድርጎ መስመሩን ተከትሎ መንዳት ነው የመጀመሪያው ሥራ። መርፌው የሚተወው ቀዳዳ ከመስመሩ ወጣ ገባ ማለቱን በግልጽ ያሳያል። ቀጥሎ ጥምዝ መስመርና ማዕዘን ይመጣል። ማዕዘን ላይ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ ተክሎ፣ እግሩን አንስቶ፣ ጨርቁን ማዞር እንደ ቀላል የሚታይ ቢሆንም የኪስና የኮሌታ ጫፍ የሚያምረውም የሚበላሸውም በዚህ ነው። ወረቀት መርፌን ስለሚያደነዝ ከልምምዱ በኋላ መርፌው መለወጥ አለበት።

ከወረቀት ቀጥሎ አቡጀዲ ነው። አቡጀዲ ርካሽ፣ የማያንሸራትትና ድርና ማጉ በዓይን የሚለይ በመሆኑ ለተማሪ የሚስማማ ጨርቅ ነው። በአቡጀዲ የትራስ ልብስ፣ የጨርቅ ቦርሳና ሽርጥ ሰፍቶ ማለፍ የሚበጀው ሦስቱም ልክ ስለማይጠይቁ ነው። ስህተት ቢኖርባቸው እንኳ ከጥቅም ውጭ አይሆኑም። ከዚያ በኋላ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ጉርድ ቀሚስ፣ ቀጥሎም የቢጃማ ሱሪ ይከተላል። ዚፕ፣ ኮሌታና እጅጌ መግጠም የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሸሚዝ ልስፋ ያለ ተማሪ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ጨርቁንም ጊዜውንም ሁለት ጊዜ ያወጣል።

ቅድ መማር ለሚፈልግ ከሁሉ የሚረክሰው መማሪያ ያረጀ ልብስ ነው። በልክ የሚሆን አሮጌ ሸሚዝ በስፌቱ ላይ ተፈትቶ፣ ቁራጩ ሁሉ ተተኩሶ ወረቀት ላይ ሲዘረጋ ራሱ ቅድ ይሆናል። ሁለት የፊት፣ አንድ የጀርባ፣ የትከሻ፣ ሁለት እጅጌ፣ የእጅጌ ጫፍ፣ ኮሌታና የኮሌታ መቆሚያ፣ ኪስ እያለ ከአሥር በላይ ቁራጭ ይወጣዋል። ኮሌታ ስትገጥም የኖረች ወጣት የራሷ ቁራጭ ከሌሎቹ ጋር እንዴት እንደሚጋጠም ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ የምታየው ያኔ ነው።

ከመቀሱ በፊት የሚጠበቁ ጥቂት ደንቦች አሉ። የጥጥ ጨርቅ ሳይቆረጥ በፊት ይነከር፣ ይድረቅ፣ ይተኮስ። አለዚያ ልብሱ ከደንበኛው ቤት የመጀመሪያው እጥበት ላይ ይሰበሰባል። ቁራጩ ቁመቱ በድሩ አቅጣጫ ይዋል። ከታጠበ በኋላ እግሩ የሚጠማዘዝ ሱሪ ብዙውን ጊዜ ድሩን ስቶ የተቆረጠ ነው። ለስፌቱ ትርፍ በየጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ይተው፤ ጀማሪ ከዚያም በላይ ቢተው አይከፋም፤ የጠበበውን ማስፋት የሚቻለው የተተወ ካለ ብቻ ነውና። መርፌውም ከጨርቁ ጋር ይመጣጠን፤ ለስስ ጨርቅ 11 ቁጥር፣ ለመካከለኛው 14፣ ለካኪና ለጂንስ 16 ቁጥር ይስማማል። እያንዳንዱ ስፌት ደግሞ ወደሚቀጥለው ሳይታለፍ ካውያ ይረፍበት። የተማሪን ሥራ ከሙያተኛ ሥራ በሩቅ የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ካውያው ነው።

የጨርቅ አገዛዝም ትምህርት ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ጉርድ ቀሚስ ለመሥራት እያንዳንዳቸው 65 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቁራጮች ይፈለጋሉ እንበል። ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል በሆነ ጨርቅ ላይ ሁለቱ ቁራጮች ጎን ለጎን ስለሚያርፉ ከአንድ ሜትር ትንሽ ተረፍ ያለ ይበቃል። ስፋቱ አንድ ሜትር ከ15 በሆነ ጨርቅ ላይ ግን አይገጥሙም፤ አንዱ ከሌላው ሥር ስለሚውል ከሁለት ሜትር በላይ መግዛት ግድ ነው። የሜትሩ ዋጋ ብቻ ታይቶ ርካሽ ነው የተባለው ጨርቅ ውድ ሆኖ የሚገኘው እንዲህ ነው።

መኪናውና ክፍያው

በገበያው ላይ ለጀማሪ ሁለት ዓይነት ምርጫ አለ። አንደኛው በተለምዶ ሲንጀር እየተባለ የሚጠራው፣ በእግር የሚረገጠው የቤት መኪና ነው። ሁለተኛው በፋብሪካ ውስጥ የሚታወቀው፣ በሞተር የሚሠራው መኪና ነው። የፋብሪካው መኪና በደቂቃ እስከ 5,000 ጊዜ ሊወጋ ይችላል። የቤቱ ከ1,000 እምብዛም አይዘልም። ከፓርኩ የወጣ ሰው ልቡ ወደ ፈጣኑ ማዘንበሉ አይቀርም። ነገር ግን በቀን ሁለት ቀሚስና አራት ማሳጠር ለሚሠራ ሰው ፍጥነቱ ትርፍ አያመጣለትም። አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በመለካት፣ በመቁረጥና በመተኮስ ነው። በእግር የሚረገጠው መኪና ደግሞ መብራት ሲጠፋ ሥራ አይፈታም። ኦቨርሎክና የቁልፍ ቀዳዳ የሚሠራውን መኪና ጀማሪ መግዛት የለበትም። እነዚህን ሥራዎች መኪናው ካላቸው ሰዎች ዘንድ በቁራጭ ማሠራት የተለመደ ነው።

መኪና ለመግዛት በአንድ ጊዜ ገንዘብ ማውጣት ለብዙዎች ከባድ ነው። ይህ ችግር አዲስ አይደለም፤ መልሱም አዲስ አይደለም። የሲንጀር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በአሜሪካ መኪናውን ከ100 ዶላር በላይ ሲሸጥ ዋጋው ከአብዛኛው ቤተሰብ አቅም በላይ ነበር። የኩባንያው ባለድርሻ ኤድዋርድ ክላርክ መኪናውን በየወሩ በሚከፈል ገንዘብ የመሸጥን ዘዴ አመጣ፤ ሽያጩም አደገ። ኢቤነዘር ባተሪክ የተባለ አሜሪካዊ ልብስ ሰፊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1863 በልክ ደረጃ የተከፋፈለ የወረቀት ቅድ ለገበያ አቀረበ። የቤት ውስጥ ስፌት በዚያች አገር የተስፋፋው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። መኪናው በክፍያ፣ ቅዱ በወረቀት ከቤት ድረስ ሄደ።

የሐዋሳ ገበያ ከዚህ የሚማረው አለ። መኪና ብቻ መሸጥ የንግዱ ግማሽ ነው። በየወሩ እየከፈለች መኪና የወሰደች ደንበኛ ሠርታ ካላገኘች አትከፍልም። ሠርታ እንድታገኝ ደግሞ ቅድ ማወቅ አለባት። መኪና ሻጩ በሱቁ ጀርባ ሁለት ጠረጴዛና አንድ የቅድ አስተማሪ ቢያኖር ለበጎ አድራጎት አይደለም፤ ለብድሩ ዋስትና ነው።

ሒሳቡ

ራሱን ችሎ ለመስፋት የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈራው የመኪናውን ዋጋ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ፍርሃቱ ያለ ቦታው ሆኖ ይገኛል። ለስሌት ያህል መኪናው 20 ሺህ ብር ተገዛ፣ አራት ዓመት ያገለግላል፣ በዓመት 300 ቀን ይሠራል እንበል። የአንድ ቀን ድርሻው 17 ብር አይሞላም። ያው መኪና በዓመት 100 ቀን ብቻ ቢሠራ ግን የቀኑ ድርሻ 50 ብር ይሆናል። መኪናውን የሚያስወድደው የግዢ ዋጋው ሳይሆን ሥራ ፈትቶ መዋሉ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ወጪ የተበላሸ ጨርቅ ነው። በእኛ አገር ልማድ ደንበኛው ጨርቁን ራሱ ገዝቶ ይመጣል፤ ልብስ ሰፊው የእጁን ዋጋ ይቀበላል። ጨርቁ በመቀስ ቢበላሽ የሚከፍለው ግን ሰፊው ነው። አሁንም ለስሌት ያህል የአንድ ልብስ ጨርቅ 800 ብር ቢሆንና ጀማሪው ከአሥር አንዱን ቢያበላሽ፣ በእያንዳንዱ ልብስ ላይ 80 ብር የኪሳራ ሸክም ይጫናል። ሙያው በስሎ ከ40 አንዱን ብቻ ሲያበላሽ ሸክሙ ወደ 20 ብር ይወርዳል። የ60 ብሩ ልዩነት የቅድ ትምህርት ዋጋ ነው። አንድ ሳምንት በአቡጀዲና በወረቀት ላይ ማሳለፍ ለምን እንደሚያዋጣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ጀማሪ በሁለት ቀን የጨረሰውን ቀሚስ የበሰለ ሰፊ በግማሽ ቀን ያደርሰዋል። ዋጋው ግን በገበያው አንድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ትርፍ መጠበቅ የማይገባው ለዚህ ነው። የቤተሰቡን ልብስ በመስፋትና በመጠገን የሚገኘው ቁጠባ በዚያ ወቅት እንደ ገቢ መቆጠር ይኖርበታል።

ሰልባጅን ማሸነፍ ይቻላል?

በአዲስ ጨርቅ ልብስ ሰፍቶ ሰልባጅን በዋጋ ማሸነፍ እንደማይቻል ከወዲሁ መታወቅ አለበት። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም በኮንትሮባንድ መግባቱ አልቀረም። በቦንዳ የሚመጣው ሸሚዝ ከጨርቁ ዋጋ በታች የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ጀማሪ ሰፊ ተራ ካናቴራና ጂንስ ሰፍቶ ገበያ እገባለሁ ቢል የሚገጥመው ይህ ነው።

ገበያው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሰልባጅ በራሱ ለሰፊ ሥራ ይፈጥራል፤ ለባሹ ተመጥኖ የተሠራ አይደለምና ይጠባል፣ ያጥራል፣ ዚፑ ይለወጣል። ማሳጠርና ማጥበብ ጨርቅ መግዛት የማይጠይቅ፣ ኪሳራው አነስተኛ፣ ገንዘቡ በዕለቱ የሚገኝበት ሥራ በመሆኑ ለጀማሪ የመጀመሪያው እንጀራ ነው። ሁለተኛው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ቀለሙና ቅዱ በትምህርት ቤቱ የተወሰነ ስለሆነ አንድ ቅድ በትንሽ በትልቅ ልክ ደጋግሞ መቁረጥ ይቻላል። ወቅቱም ከነሐሴ እስከ መስከረም መሆኑ አስቀድሞ ይታወቃል። የፋብሪካ ልምድ ያላቸው ሦስት አራት ሴቶች ተቧድነው ቢሠሩ መስመር የመዘርጋት ልማዳቸው ጥቅም ላይ የሚውለው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛው የበዓል ልብስ ነው። ሐዋሳ እንቁጣጣሽን፣ ገናን፣ ፋሲካንና ዓረፋን ከሌላው ከተማ ጋር ታከብራለች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላም የራሷ ነው። በበዓል ሰሞን ሰው የሚፈልገው በልኩ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ሰልባጅ በዚህ አይወዳደርም።

የምንዛሪው ለውጥም ሚዛኑን ነክቶታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ለውጡ ከውጭ በሚገባ ተዘጋጅቶ በተሰፋ ልብስ ላይ ጫና ፈጥሯል። ከውጭ በሚመጣ ጨርቅ፣ ክርና ዚፕ ላይም እንዲሁ። ስለሆነም ጥቅሙ ለሰፊው ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ይሁንና በተዘጋጀ ልብስ ላይ የውጭ ምንዛሪ የሚከፈለው ለጨርቁም ለሰፊውም እጅ ነው፤ በጨርቅ ላይ ግን ለጨርቁ ብቻ። የእጁ ዋጋ በብር ስለሆነ በአገር ውስጥ የሚሰፋው ልብስ ትንሽ መተንፈሻ አግኝቷል። ያለውን ልብስ ጠግኖና አሳድሶ መልበስም ከቀድሞው ይልቅ የሚያዋጣ ሆኗል።

ገንዘብ ብቻ ሲሰጥ

እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲነሳ ብዙዎች ለወጣቶቹ ብድር ይሰጥ፣ የቀረው ይስተካከላል ይላሉ። በዚህ ላይ በአገራችን የተደረገ አንድ ጠቃሚ ጥናት አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ዘንድ ለሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ወጣቶችን በዕጣ ለሦስት ከፍለው ተከታተሉ። አንደኛው ክፍል የፋብሪካ ሥራ አገኘ፤ ሁለተኛው 300 ዶላር ያህል ገንዘብና የአምስት ቀን የንግድ ሥልጠና ተሰጠው፤ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት መሠረት ፋብሪካ ከገቡት ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራውን ለቀዋል። ገንዘብ የተሰጣቸው ግን በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በአንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ብሏል።

ውጤቱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ብድር ይበቃል ለማለት ያስደፍር ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ ተመልሰው ሲያጣሩ ግን የሦስቱ ቡድኖች ልዩነት ጠፍቶ ነበር። ገንዘቡ ሰውን ያስነሳል፤ ብቻውን ግን በተነሳበት ከፍታ ላይ አላቆየውም። ጥናቱ ስለ ስፌት ብቻ የተደረገ ባይሆንም ለሐዋሳው ጉዳይ ትርጉም አለው። መኪና የገዛች ግን መቁረጥ የማትችል ሰፊ በማሳጠር ብቻ ትወሰናለች፤ ከጎኗ አምስት እንደሷ ያሉ ሲከፍቱ ዋጋው ይወርዳል። ከዚያ የሚያወጣት ጎረቤቷ የማትችለውን መቻሏ ነው።

በመሆኑም ለባለሀብቱ የሚታየው የሥራ መስክ ከፓርኩ ጋር የሚፎካከር ሌላ ፋብሪካ አይደለም። ከፋብሪካ ለወጡት ሴቶች የሚሆን አጭር የልኬትና የቅድ ትምህርት፣ በማታና በእሑድ የሚሰጥ፣ አንድ ነው። ኦቨርሎክ፣ የቁልፍ ቀዳዳ መኪናና ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ ይዞ በቁራጭ ወይም በሰዓት የሚያስከፍል የጋራ መሥሪያ ቤት ሁለተኛው ነው። በአገር ልክ የተዘጋጀ የወረቀት ቅድ ማቅረብ፣ ጨርቅን በጣቃ ብቻ ሳይሆን በግማሽ ሜትርም መሸጥ፣ መኪናን ከትምህርቱ ጋር በወርሃዊ ክፍያ መስጠት ሌሎቹ ናቸው። ሁሉም ብዙ ካፒታል አይጠይቁም፤ ደንበኛው ማን እንደሆነ በትክክል ማወቅን ግን ይጠይቃሉ።

የፓርኩ ዕጣ በአሜሪካ ሕግና በውጭ ገዢዎች ትዕዛዝ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። ትዕዛዝ ቢመለስ ለከተማዋ ደስታ ነው፤ ሠራተኛዋም ወደ መስመሯ ትመለስ ይሆናል። ቅድ የምታውቅ ከሆነች ግን ለመመለስም ላለመመለስም ምርጫው የራሷ ነው። ቀጣሪዋም ደመወዝ ሲቆርጥ በረንዳው ላይ የምታገኘውን አስቦ ይቆርጣል። ሐዋሳ ለእጇ ፍጥነት ብዙ ሚሊዮን ዶላር ፈሶባታል። የቀረው መቀስ፣ ሜትር፣ ጠመኔና ጥቂት ሜትር አቡጀዲ ነው።